ባለ ሁለት ኮርድ ዘፈን ለምን ይጥማል?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል በፈረቃ የሚሠራ ወጣት ነው። ከጓደኞቹ ጋር ትርፍ ሰዓት ሲያገኙ ሮክ ይጫወታሉ። (ኮርድ የምንለው አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን ነው።) አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ደጋግሜ የምሰማቸው የሮክ ዘፈኖች ሁለት ወይም ሦስት ኮርድ ብቻ ያላቸው ናቸው። እኛም ስለ ሌሊት ፈረቃ አንድ ዘፈን ሠርተናል፤ ኢ ማይነርና ዲ ብቻ ነው። ሙዚቃ የተማረው ጓደኛችን ‹ይሄ የሰነፍ ሙዚቃ ነው› ብሎ ሲ፣ ኤ ማይነርና ቢ ሰባት ጨመረበት። ለእኔ ሲጨመርበት ቀዘቀዘብኝ። ጆሮዬ ስላልተማረ ነው? ወይስ ነገሩ ሌላ ነው? ቅጂውን ልኬልዎታለሁ።»

አብሽር ወንድሜ፣ ጆሮህ ምንም አልሆነም። ቅጂውን ሦስቴ ሰማሁት። ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ደሴ ውስጥ ጊታር ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይሄን ክርክር በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ጀማሪ ተማሪ ሁለት ኮርድ ይዞ ይደሰታል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ኮርድ መቁጠር ይጀምራል። ሰርግን በታረደው በሬ ቁጥር እንደሚመዝን ሰው፣ ዘፈንን በኮርድ ብዛት ይመዝናል። ከዚያ የተወሰነ ዓመት ቆይቶ ወደ ሁለቷ ኮርድ ይመለሳል። ጓደኛህ አሁን መሃል ላይ ነው፤ አትቀየመው። እኔም እዚያ ነበርኩ። እንዴት እንደወጣሁ ላጫውትህ።

ከሃያ ዓመት በላይ ይሆናል። አዲስ አበባ ሄጄ የጃዝ ኮርድ ተምሬ ተመልሻለሁ። ጣቶቼ ሰባትና ዘጠኝ ያለበት ኮርድ ካልያዙ አይረኩም። ሲበዛ አስቸጋሪ ልጅ ነበርኩ። በዚያው ሰሞን አምባሰል የሚዘፍኑ አንዲት እናት ለአንድ ዝግጅት እንዳጅባቸው ተጠራሁ። ልምምዱ ሙጋድ አካባቢ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። እሳቸው ጀመሩ፣ እኔም ጀመርኩ። በእያንዳንዱ ድምፃቸው ሥር አዲስ ኮርድ አስገባሁ። ኢ ማይነር፣ ኤ ማይነር ሰባት፣ ኤፍ ሜጀር ሰባት፣ መለስ ብዬ ደግሞ ኢ ሜጀር። በልቤ «አሁን አስተማሪዎቼ በሰሙኝ» እላለሁ።

ሁለት ስንኝ ሳይጨርሱ አቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ አጠርከኝ እኮ። በየት ልለፍ?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ምን ላድርግ አልኳቸው።

«አንዷን ያዝልኝና ተወኝ።»

ኢ ያዝኩ። ከኮርዱ ውስጥ ሦስተኛዋን ድምፅ ተውኳት፤ ኢ እና ቢ ብቻ። እነሱን በዝግታ እየመታሁ አደብ ገዛሁ። ያኔ ድምፃቸውን የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። አንዲት ድምፅ ላይ ቆመው ሲያንቀጠቅጧት፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው ሲመልሷት፣ ትንፋሽ ሲስቡ፣ ሁሉም ተሰማ። እኔ ስንጫጫ ይሄ ሁሉ ተሸፍኖ ነበር።

ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ወረቀት ላይ ስጽፈው ነው። አምባሰል ከኢ ሲነሳ ድምፆቹ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ናቸው። አምስት ብቻ። ኢ ማይነር ለመያዝ ጂ ያስፈልጋል። ኢ ሜጀር ለመያዝ ጂ ሻርፕ ያስፈልጋል። ሁለቱም አምባሰል ውስጥ የሉም። ኤ ማይነር ሰባት ውስጥም ያቺው ጂ ተደብቃለች። ከደረደርኳቸው ኮርዶች ከቅኝቱ ያልወጣችው ኤፍ ሜጀር ሰባት ብቻ ነበረች። ሰው ቤት ያልተጠራ እንግዳ አስከትዬ ገብቼ ኖሯል። ኢ እና ቢ ግን የቤቱ ልጆች ናቸው።

ሮከሮች ይቺን ባለ ሁለት ድምፅ ነገር ፓወር ኮርድ ይሏታል። ስለ እሷ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጓደኛህ «ስንፍና» የሚለው ነገር ግማሹ እዚህ ላይ ይፈታል።

ኮርድ ሲባል በአጭሩ ሦስት ድምፅ አንድ ላይ ነው፤ መሠረቱ፣ ሦስተኛውና አምስተኛው። ሜጀርና ማይነርን የሚለየው ሦስተኛው ነው። ኮርዱን የሚያስቀው ወይም የሚያስከፋው እሱ ነው። ፓወር ኮርድ ሦስተኛውን አውጥቶ ይጥለዋል። ስለዚህ አይስቅም፣ አያለቅስም። ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ዘፋኙ ነው።

ይሄ ነገር ሮክ ውስጥ ሥር የሰደደው በአምፕ፣ በጊታሩ ድምፅ ማጉያ ምክንያት ነው። አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲጮህ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ዲስቶርሽን የምንለው ማለት ነው። ሲሰነጠቅ፣ በተመቱት ድምፆች ላይ ማንም ያልመታቸው ሌሎች ድምፆች ይጨመራሉ። ሙሉ ኮርድ ከመታህ የሚጨመሩት እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ነገሩ ጭቃ ይሆናል። መሠረቱና አምስተኛው ግን ንዝረታቸው 2 ለ 3 ነው። አንዱ 2 ጊዜ ሲርገበገብ ሌላው 3 ጊዜ ይርገበገባል። ልዩነታቸው 1 ነው። ያ 1 ደግሞ ከመሠረቱ በአንድ ኦክታቭ የወረደ ያው ድምፅ ነው። ከሥር ወፍራም ነገር ይመጣል፣ ቤዝ የገባ ይመስልሃል። ሁለት ጣት ብቻ ይዘህ።

አሜሪካዊው ሊንክ ሬይ በ1958 «ራምብል» የተባለውን ቃል አልባ ሙዚቃውን ሲያወጣ ድምፁ እንዲሻክርለት ብሎ የአምፑን ስፒከር በሳስቶታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) የእንግሊዙ ባንድ የኪንክስ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ ደግሞ የትንሿን አምፑን ስፒከር በምላጭ ሰነጠቀው። በ1964 የወጣው «ዩ ሪሊ ጋት ሚ» ላይ የሚሰማው ያ የተቀደደ ድምፅ ነው። እናንተ እንዳትሞክሩት። የዛሬ አምፕ ለዚህ ማዞሪያ አለው፣ ዋጋውንም ታውቁታላችሁ።

ያን ዕለት ወረቀቴ ላይ ሌላም ነገር አየሁ። በአምባሰል አምስት ድምፆች ብቻ ስንት ፓወር ኮርድ ይሠራል? ሦስት። ኢ፣ ኤፍ እና ኤ። ሌላ የለም። እነዚህን ሦስቱን በዲስቶርሽን ምታቸው እስቲ። በተለይ ከኢ ወደ ኤፍ፣ ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ስትል። የሄቪ ሜታል ልጆች የሚወዷት ጨለም ያለች እርምጃ እሷ ናት። ተማሪዎቼን ይሄን ሳሳያቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ጊታሩን አይመልሱልኝም።

ሦስት ኮርድ ድህነት ነው ለሚል ሰው ደግሞ ይሄን አስቆጥረው። የሲ ሜጀር ስኬል፣ ማለትም የድምፆቹ ተርታ፣ ሰባት ድምፅ አለው። ሲ ኮርድ ሲ፣ ኢ፣ ጂ ነው። ኤፍ ኮርድ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ ነው። ጂ ኮርድ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ነው። ደርድራቸው። ሰባቱም ገብተዋል። በዚያ ስኬል የተሠራ ዜማ የትኛውም ድምፁ ከሦስቱ በአንዱ ላይ መቀመጫ ያገኛል። ብሉዝ በ12 ባር (ባር ማለት እኩል የተከፈለ የምት ክፍል ነው) የሚዞረው በእነዚሁ ነው፤ በመጀመሪያው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ኮርድ። ሮክ ከብሉዝ ወረሰ። ሦስትን ማንም ቁጭ ብሎ አልደነገጋትም፤ ስለምትበቃ ቀረች።

ብሉዝ ራሱ ግን ከሦስትም የሚያንስበት ጊዜ አለ። ጆን ሊ ሁከር በ1948 «ቡጊ ቺለን» የተባለውን ሲቀዳ ስቱዲዮ ውስጥ የነበረው አንድ ሰው፣ አንድ ጊታርና ወለሉን የሚመታ እግሩ ነው። ኮርዱ አንድ ነው ብትል አልተሳሳትክም። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ እግሩን ሲመታ ያየ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። ቦ ዲድሊ በ1955 በራሱ ስም የሰየመውን ዘፈን ሲያወጣም ኮርዱ ያው አንድ አካባቢ ነው። የዘፈኑ ነገር ያለው ምቱ ላይ ነው፤ ጣ… ጣ… ጣ… ጣ-ጣ። ጀሮም ግሪን ከጎኑ ማራካስ ያንሿሿል። በኮርድ ብትጽፈው አንድ መስመር አይሞላም። በምት ለመጻፍ ሞክር እስቲ፤ ማታህን ይበላዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። ለምን ይጥማል?

ፈትል ክፍል እንደምትሠራ ጽፈሃል። እንግዳ ሰው እዚያ ሲገባ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። አንተ ግን ማሽኑ ሊታመም ሲል ከማንም በፊት በጆሮህ ታውቀዋለህ፣ አይደል? ለምን? ስምንት ሰዓት ሙሉ ያው ድምፅ ስለሆነ። ያ ድምፅ ጆሮህ ውስጥ መሬት ሆኗል። በመሬቱ ላይ የምትንቀሳቀስ ጉንዳን እንኳ ትታይሃለች። ድምፁ በየደቂቃው የሚቀያየር ቢሆን ኖሮ ብልሽቱን የምትሰማው ጭስ ሲወጣ ነበር።

ባለ ሁለት ኮርድ ዘፈንም እንደዚያ ነው። ኮርድ በተደጋጋሚ ሲቀያየር ጆሮ ሥራ ይበዛበታል። የት ደረስን፣ ቀጥሎ ወዴት ነው ይላል። ኮርዱ ሲረጋ ያ ጆሮ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ወደ ሌላው ይዞራል። የዘፋኙ ጉሮሮ መሻከር፣ የጊታር መምቻው ፒክ ክሩን ሲፍቀው፣ ድራመሩ አንዷን ምት ትንሽ ሲያዘገያት፣ እነዚህ ሁሉ ዜና ይሆናሉ። ቃሉም ይሰማል። እኔ ግጥሙን ለማዳመጥ ስፈልግ የምከፍተው ኮርዱ የረጋ ዘፈን ነው።

መደጋገሙስ? ደሴ መናኸሪያ ቆመህ ረዳቱን ስማው። «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» መጀመሪያ የከተማ ስም ነው። ስድስተኛው ላይ ዜማ ሆኗል። «ኮም» ዝቅ ትላለች፣ «ቦል» ትረዝማለች፣ «ቻ» ከበሮ ትሆናለች። ረዳቱ ምንም አልቀየረም፤ የተቀየረው የአንተ ጆሮ ነው። ዳያና ዶይች የተባለች የሙዚቃ ሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1995 ይሄንኑ በራሷ ድምፅ ላይ አጋጥሟታል። የቀዳችውን ንግግር እያስተካከለች አንዲት ሐረግ ደጋግማ ስታሰማ፣ ንግግሩ ዘፈን ሆኖ ቁጭ አለ። ሌላዋ ተመራማሪ ኤልዛቤት ማርጉሊስ ደግሞ የሉቺያኖ ቤሪዮንና የኤሊየት ካርተርን ከባድ ዘመናዊ ሙዚቃዎች ወስዳ፣ አንዳንድ ቁራጮቻቸውን ቆርጣ እየደጋገመች ለጠፈቻቸው። አድማጮች ከዋናው ይልቅ የተደጋገመውን ወደዱት። የሰው ሥራ ይመስላል ያሉትም የተደጋገመውን ነው። ቤሪዮ ይሄን ቢሰማ ኖሮ ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ወሎ ተወልደህ ይሄን መጠየቅህ ራሱ ትንሽ ያስቀኛል። መንዙማ ሲባል አድረህ ታውቃለህ። አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ከበሮና ጭብጨባ አለ። ኮርድ የሚባል ነገር በቦታው የለም። ሰው ግን እስኪነጋ ይቀመጣል። ሁለቱን ማወዳደሬ አይደለም፤ አንዱ ዱዓና ውዳሴ ነው፣ ሌላው የመድረክ ነገር ነው። የምልህ ስለ ጆሮው ነው። የእኛ ጆሮ ያደገው ሥሩ ረግቶ ላዩ በሚንቀሳቀስ ሙዚቃ ላይ ነው። መሰንቆ አንድ ክር ነው ያለው። እና ማን ነው መሰንቆን «ክር ይጎድለዋል» ያለው?

የውጭ ሙዚቀኞችም ይሄን ፍለጋ ሩቅ ሄደዋል። ቢትልሶች በ1966 «ቱሞሮው ኔቨር ኖውስ»ን ሲሠሩ ዘፈኑን ሲ ላይ ተክለው ነው የተዉት። የህንዱ የክር መሣሪያ ታምቡራ ከሥር ይነዝራል፣ ከላይ አምስት የቴፕ ቁራጮች ይሽከረከራሉ። ሥሩ ባይቆም ኖሮ ያ ሁሉ ግርግር አይያዝም ነበር። አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1984 ስቴዲየም የሞላበት «ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ» ሁለት ኮርድ ነው፣ ቢ እና ኢ። አንዲት የኪቦርድ ሐረግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትዞራለች። ሰውየው የፈለገው ቃሉ እንዲሰማ ነበር። (ብዙ ሰው ግን አዝማቹን ብቻ ሰምቶ የደስታ ዘፈን አደረገው። ይሄም ያጋጥማል።)

ለእናንተ ዘፈን ቅርብ ዘመድ የሆነውን ግን ልንገርህ። አሜሪካ የተባለው ባንድ «ኤ ሆርስ ዊዝ ኖ ኔም» አለው። ልጆቹ አባቶቻቸው የአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረቦች ሆነው እንግሊዝ ያደጉ ናቸው። ዘፈኑ ኢ ማይነርና አንድ የዲ ዓይነት ነው፣ እኩል እኩል፣ እስከ መጨረሻው። ወሬው ስለ በረሃ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ስትወርድ የሚሰማህን አስበው። ትሄዳለህ፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዙሪያው ግን ያው ይመስላል። እዚያ ዘፈን ላይ ሦስተኛ ኮርድ ብትጨምር በረሃው መሃል የትራፊክ መብራት እንደመትከል ነው።

ባቲን ካነሳሁ አይቀር፣ ይሄን ዛሬ ማታ ሞክረው። ጊታርህን በግራ እጅህ ሳትነካ ስድስቱንም ክር ክፍቱን ምታ። ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። አምስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ከኢ ጀምረህ ደርድራቸው፦ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ። ይሄ ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት ነው። የሮክ ጊታሪስቶች ደግሞ ማይነር ፔንታቶኒክ ብለው ሌት ተቀን ሶሎ የሚጫወቱበት እሱ ነው። ጊታር ከሱቅ ሲወጣ በባቲ ተቃኝቶ ነው የሚወጣው ብዬ ተማሪዎቼ ላይ እቀልዳለሁ። በእርግጥ ድምፆቹ አንድ መሆናቸው ቅኝቱን አንድ አያደርገውም። ባቲ የራሱ አወራረድ፣ የራሱ ጌጥ አለው። በክራር ሲቃኝም ድምፆቹ የጊታር ፍሬት ላይ እንዳሉት ልክ በልክ አይቀመጡም።

አንድ ኮርድ ምን ያህል ጉልበት እንዳላትም እዚሁ ታያለህ። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ከኤ ጀምረህ ብትደረድራቸው ደግሞ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፤ ባቲ ማይነር ሆኑ። ያው አምስት ድምፅ። ልዩነቱ ቤታቸው የት ነው የሚለው ነው። ከሥር ሲን ያዝና ዜማ ተጫወት። ከዚያ ሌላ ምንም ሳትቀይር ከሥር ኤን ያዝ። የዜማው ፊት ሲለወጥ ትሰማዋለህ። አንዷን መያዝ ማለት ምንም አለመሥራት አይደለም። ያቺ እናት «አንዷን ያዝልኝ» ያሉኝ ይሄን በወረቀት ሳይሆን በጉሮሮ ስለሚያውቁት ነው።

እዚህ ላይ ጌታቸው መኩሪያን ሳላነሳ አላልፍም። ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸ ሰው ነው። በ2006 ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተባለ አልበም አወጣ። አንድ የሀገር ባህል ሽለላ የሚነፋ አዛውንት ከፓንክ ጋር ምን አገናኘው ትል ይሆናል። ስማው። ጊታሮቹ አንድ ቦታ ላይ ቆመው ይፍቃሉ፣ እሱ በላያቸው ይፎክራል። ለፎካሪ የሚያስፈልገው መቆሚያ መሬት ነው፤ ኮርድ እየተቀያየረ ቢንሸራተትበት እንዴት ይፎክራል?

ለጓደኛህ ደግሞ ትንሽ ላግዘው፣ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። አሰልቺ የሆነ ባለ ሁለት ኮርድ ዘፈን ሞልቷል። ሰርግ ቤት ሄደህ ኪቦርዱ ውስጥ የተሞላውን ምት ከፍተው ለአርባ ደቂቃ አንድ ኮርድ ሲይዙብህ ታውቃለህ። እስክስታው ካላዳነን ሁላችንም እናንቀላፋ ነበር። እዚያ የጎደለው ኮርድ አይደለም። የተሞላው ምት አይደክምም፣ አይቸኩልም፣ አያኮርፍም። ላዩ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ኮርዱን ስትቀንስ ሌላውን ሁሉ የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ቀላል ዘፈን በቀላሉ የሚበላሸው። ብዙ ኮርድ ያለው ዘፈን ላይ ደካማ ቀኝ እጅህን መደበቅ ትችላለህ፤ ሁለት ኮርድ ላይ ወዴት ትሸሻለህ?

የአሜሪካውን ፓንክ ባንድ ራሞንስን እንደ ሰነፎች የሚያይ ሰው አለ። የ1976ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው 14 ዘፈን አለው፣ ሁሉም ተደምሮ 29 ደቂቃ ገደማ ነው። ኮርዶቹን አንድ ተማሪ በሳምንት ይይዛቸዋል። ግን ጊታሪስታቸው ጆኒ ራሞን ጊታሩን የሚመታው ወደ ታች ብቻ ነው። በዚያ ፍጥነት፣ ሳያቋርጥ፣ ሁሌ ወደ ታች። ተማሪዎቼን ለሁለት ደቂቃ ያህል እንዲሞክሩት አደርጋለሁ። አብዛኞቹ ደቂቃ ሳይሞላ እጃቸውን ያራግፋሉ። ጓደኛህንም ሞክረው፣ በፈገግታ።

አሁን ወደ ቅጂያችሁ።

መጀመሪያ፣ ለምን ቀዘቀዘብህ? ጥፋቱ የቢ ሰባት ነው። ቢ ሰባት ውስጥ ዲ ሻርፕ አለች። ከኢ በግማሽ ድምፅ ታንሳለች፣ ኢ ላይ ካልወጣች አያስችላትም። ስለዚህ ከቢ ሰባት ወደ ኢ ማይነር ስትመጣ «ደረስን!» የሚል ነገር ይሰማል። የእናንተ ዘፈን ግን ስለ ሌሊት ፈረቃ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን ደረሰ? ኢ ማይነርና ዲ ሲመላለሱ አይደርሱም፤ ይዞራሉ እንጂ። ሰዓቱ አልሄድ ሲል የሚሰማው ስሜት እዚያ ዙረት ውስጥ ነበር። ጓደኛህ ሳያስበው በየአራት ባሩ የፈረቃ መውጫ ደወል ደወለበት። ጆሮህ የተቆጣው ለዚህ ነው። ልክ ነበር።

ሁለተኛ፣ ድራመራችሁ ኮርድ በተቀየረ ቁጥር ሮል፣ ማለትም ፈጣን ተከታታይ ምት፣ ይሠራል። ሁለት ኮርድ ብቻ ስላላችሁ የኮርዱ መቀየር ትልቅ ነገር ነው። በጥሩንባ አታውጁት። ቀጥ ብሎ ይምታ። ሮሉን ለአንዲት ቦታ ብቻ ያስቀምጥ፣ እሷም ከመጨረሻው አዝማች በፊት ትሁን።

ሦስተኛው ለጓደኛህ ካሳ ነው። እናንተ ኢ ማይነርን እንደያዛችሁ፣ ቤዙ ብቻ ወደ ሲ ይውረድ። በሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ ለአራት ባር። ጊታሩ ንክች አይልም፤ ከሥር ግን ወለሉ ዝቅ ይላል። ኢ ማይነር በሲ ላይ ሲቀመጥ ሲ ሜጀር ሰባት ይሆናል። ጓደኛህ የጃዝ ኮርዱን አገኘ፣ አንተም ዙረትህን አላጣህም። ቤዙን እሱ ቢጫወተው ደግሞ ይሻላል፣ ጆሮ አለው።

ዘፋኛችሁ ቃሉን ለመጀመር ይቸኩላል። ሁለቱ ኮርዶች ስምንት ጊዜ ሳይዞሩ አፉን አይክፈት። ይጨንቀዋል፣ ይጨነቅ።

አንድ ነገር ቀረ። የጊታርህ አምስተኛ ክር ወርዷል፣ ሦስቴ የሰማሁት እሱን ለማረጋገጥም ጭምር ነው። ከመቅዳታችሁ በፊት ቃኘው። እሑድ ደሴ ብትመጡ እሰማችኋለሁ፤ ግን የሀረጎን ዳገት ከወጣችሁ በኋላ እንደገና ቃኙት። እዚህ ብርዱ ክሩን ያከርረዋል።